ሰርቦች የተሸነፉበትን ጦርነት ለምን አይረሱም? የኮሶቮ አፈ ታሪክና የአንድ ሕዝብ ማንነት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቪየና ነው። አብረውኝ ከሚሠሩት አንዱ ሰርብ ነው። በየዓመቱ ጁን 28 ቀን ፈቃድ ይወስዳል፤ ‹ቪዶቭዳን ነው› ይላል። ምን እንደሆነ ስጠይቀው በ1389 ከቱርክ ጋር ተዋግተው ስለተሸነፉበት ጦርነት አጫወተኝ፤ አወራሩ ግን ባለፈው ዓመት የሆነ ያስመስለዋል። ሕዝብ ድሉን ሲያከብር አውቃለሁ፤ ሽንፈቱን የሚያከብረው ግን ለምንድን ነው? ከታሪኩስ ምን ያህሉ እውነት ነው? ለ1990ዎቹ የዩጎዝላቪያ እልቂት ተጠያቂው ይህ አፈ ታሪክ ነው የሚሉትስ ትክክል ናቸው?»

ምላሽ፦ ሦስት ነገር ነው የጠየቁኝ። ከመካከለኛው ልጀምር፤ ውጊያው ራሱና ስለ ውጊያው የሚተረከው ካልተለዩ ሌላው ሁሉ ይድበሰበሳል። ዓመታቱን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስለ ውጊያው በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ጁን 15 ቀን 1389 ዛሬ የኮሶቮ ዋና ከተማ በሆነችው በፕሪሽቲና አጠገብ ባለ ሜዳ ሁለት ጦር ተጋጠመ። በአንዱ ወገን የኦቶማኑ ሱልጣን ቀዳማዊ ሙራድ ከሁለት ልጆቹ ጋር ተሰልፏል። በሌላው ወገን መቀመጫውን ክሩሼቫትስ ያደረገው የሰርቡ ልዑል ላዛር፣ የኮሶቮ ገዥ የሆነው አማቹ ቩክ ብራንኮቪች፣ እንዲሁም የቦስኒያው ንጉሥ ትቭርትኮ የላከው ሠራዊት አለ። ስለ ውጊያው የሚዘመሩት የሕዝብ መዝሙሮች ላዛርን ንጉሠ ነገሥት ይሉታል፤ አልነበረም። የሰርቦቹ ንጉሠ ነገሥት ታላቁ ዱሻን በ1355 ከሞተ በኋላ ግዛቱ ተበታትኖ መሳፍንት ተከፋፍለውት ነበር፤ ላዛር ከእነሱ መካከል የበረታው ነው። በውጊያው ሙራድ ተገደለ፤ በጦር ሜዳ የተገደለ ብቸኛው የኦቶማን ሱልጣን እሱ ነው። ላዛር ተማርኮ አንገቱ ተቀላ። የሙራድ ልጅ ባየዚድ ወንድሙን ያዕቆብን አስገድሎ ዙፋኑን ያዘ፤ ሥልጣኑን ለማጽናትም ፈጥኖ ከሜዳው ተመለሰ።

ታዲያ ማን አሸነፈ? ትቭርትኮ ለፍሎረንስ ከተማ የላከው ደብዳቤ ክርስቲያኖች ድል እንዳደረጉ የሚያበስር ነበር፤ ፍሎረንሶችም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የደስታ መልስ ጻፉለት፤ ሰይፋቸውን መዘው እስከ ሱልጣኑ ድንኳን ዘልቀው የገቡትን አሥራ ሁለት መኳንንት አወደሱ። ሁለቱም ወገን እጅግ ተጎድቷል። ልዩነቱ ከውጊያው በኋላ ነው የታየው፦ ኦቶማኖች ከእስያ የሚያመጡት ሌላ ጦር ነበራቸው፤ ላዛር ግን የነበረውን ሁሉ በአንድ ቀን አውጥቶ ጨርሷል። ብዙ ሳይቆይ ቤተሰቡ ለባየዚድ ገባሪ ሆነ። የሰርቢያ መንግሥት ግን በዚያ ቀን አልጠፋም፤ ስሜዴሬቮ የተባለችው ምሽግ እስከወደቀችበት እስከ 1459 ድረስ ሰባ ዓመት ቆይቷል። እንዲያውም ባልካንን ለኦቶማኖች የከፈተው ሽንፈት ከኮሶቮ በፊት በ1371 በማሪጻ ወንዝ ላይ የደረሰው ነው፤ ቩካሺንና ኡግልዬሻ የተባሉ ሁለት ወንድማማች ገዥዎች ከነሠራዊታቸው አልቀውበታል። ማሪጻ ግን የሕዝብ በዓል አልሆነም። ኮሶቮ የሆነበት ምክንያት ከውጊያው ውጭ ነው፤ ከውጊያው በኋላ የተቀደሰ ዐፅም፣ ባሏ የሞተባት ልዕልትና የሚጽፉ መነኮሳት ስለነበሩ ነው።

ልዕልቲቱ ሚሊትሳ ትባላለች። ላዛር ሲሞት ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ይዛ ቀረች። በዚያው ዓመት የሃንጋሪው ንጉሥ ከሰሜን ወረረባት፤ በደቡብ በኩል ኃይሉን ያልተነጠቀው ቩክ አለ፤ ከሁሉም በላይ ባየዚድ አለ። ልጇን ኦሊቬራን ለባየዚድ ዳረች፤ ማለትም አባቷን ላስገደለው ሰው። የልጇን የስቴፋንን ሥልጣን የሚያጸናለት አንድ ነገር ብቻ ቀርቷት ነበር፤ የባሏ ሞት። ቤተ ክርስቲያኗም ለላዛር ባለ ዕዳ ነበረች፤ ከቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ ጋር የነበረውን ውግዘት በ1375 ያስፈታላት እሱ ነው። ስለዚህ ዐፅሙ ራሱ ወዳሠራው ወደ ራቫኒትሳ ገዳም ፈለሰ፤ ጥቂት ዓመት ሳይሞላም ቅድስናው ታወጀ። ፓትርያርክ ዳኒሎ ስለ እሱ ከጻፈው ጀምሮ በቀጣዮቹ ዓመታት ገድል፣ ውዳሴና መልክዓ መሰል ድርሰቶች ተከታትለው ወጡ። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ላዛር የተሸነፈ አዛዥ አይደለም፤ በውርደት ከመኖር በክብር መሞትን መርጦ አክሊል የተቀበለ ሰማዕት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ አንድ የጨርቅ ቁራጭ ነው። ባሏ ኡግልዬሻ ማሪጻ ላይ ያለቀባት የፊሚያ የተባለች መነኩሲት በ1402 አካባቢ በቀይ ሐር ላይ በወርቅ ክር ለላዛር ውዳሴ ጠልፋ ለመቃብሩ አበረከተች። ውዳሴው ግማሹ ምስጋና ነው፤ ግማሹ ምልጃ ነው፤ ልጆችህን እርዳልን፣ ዝም አትበለን ትለዋለች። ማሪጻ ላይ የወደቀው የገዛ ባሏ ነበር፤ እሷ የጠለፈችው ግን ለላዛር ነው፤ መቃብር፣ ገዳምና ወራሽ ያለው እሱ ነበርና። የብሔራዊ ትውስታ መሠረት እንዴት እንደሚጣል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ይህን ስል እምነታቸውን ማቃለሌ አይደለም። መነኮሳቱ የሚጽፉትን ያምኑት ነበር፤ እምነታቸውና የሥርወ መንግሥቱ ጥቅም በአንድ መንገድ ይሄዱ ስለነበር ግን ጽሑፉ በዛ፣ ተገለበጠ፣ ተነበበ።

ባልደረባዎ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው ግን ገድሉን አይደለም፤ ጉስሌውን ነው። ጉስሌ እንደ ማሲንቆ በጭራ ደጋን የሚገዘገዝ ባለ አንድ አውታር መሣሪያ ነው፤ ተጫዋቹ በአሥር አሥር ቀለም የተመጠነ ረጅም ተረክ እየዘመረ ያወርደዋል። እነዚህን መዝሙሮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከዘማሪዎች አፍ እየለቀመ ያሳተመው ቩክ ካራጂች አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው እርስዎ ባሉበት ከተማ ነው፤ የሞተውም በ1864 እዚያው ቪየና ነው። ጀርመናውያኑ፣ ገጣሚው ጎተና የተረት ሰብሳቢው ያኮብ ግሪም ሳይቀሩ ግጥሞቹን ወደዷቸው፤ በአንድ ጊዜ ሰርቦች በአውሮፓ ዘንድ ሆሜር የሚመስል ቅርስ ያለው ሕዝብ ተባሉ። የኦቶማን ገባር ለነበረ የገበሬ ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

በመዝሙሮቹ ውስጥ ታሪኩ ይህን ይመስላል። ከኢየሩሳሌም ግራጫ ጭልፊት ይበራል፤ ጭልፊቱ ነቢዩ ኤልያስ ነው፤ የያዘው ከእመቤታችን የተላከ ደብዳቤ ነው። ላዛር እንዲመርጥ ይጠየቃል፦ ምድራዊ መንግሥት ከፈለገ ይውጋ፣ ቱርኮች ያልቃሉ፤ ሰማያዊውን ከፈለገ በኮሶቮ ላይ የሐር ቤተ ክርስቲያን ይትከል፣ ሠራዊቱን ያቁርብ፣ ሁሉም ያልቃሉ። ምድራዊው ለጥቂት ጊዜ፣ ሰማያዊው ለዘለዓለም ነውና ሰማያዊውን ይመርጣል። በውጊያው ዋዜማ እራት ይቀርባል፤ ላዛር ጽዋውን አንሥቶ «ነገ ትከዳኛለህ» እያለ ሚሎሽ ኦቢሊች የተባለውን ጀግና ይወነጅላል። ሚሎሽ ከሐዲው አጠገብህ የተቀመጠው ቩክ ብራንኮቪች ነው ብሎ ይመልሳል፤ እኔስ ነገ ሱልጣኑን እገድላለሁ ብሎ ይምላል፤ ቃሉንም ይፈጽማል። ዘጠኝ ወንድማማቾች ከአባታቸው ጋር ይወድቃሉ፤ እናታቸው ሬሳቸውን አይታ አታለቅስም፤ ቁራዎች የትንሹን ልጇን የተቆረጠ እጅ አምጥተው ጭኗ ላይ ሲጥሉላት ግን ልቧ ይፈነዳል። አንዲት ልጃገረድ በሬሳ መካከል እየተመላለሰች ቁስለኞችን ውኃና ወይን ታጠጣለች። በሜዳው ላይ የሚያብበው ቀይ አበባም ከጀግኖቹ ደም የበቀለ ነው ይባላል።

የመጨረሻውን እራት፣ ይሁዳንና የጽዋውን ምልክት ወዲያው ለይተው እንደሚያውቁት አልጠራጠርም። ዘማሪዎቹ ወንጌልን ከፖለቲካ ታሪክ ይልቅ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን መዝሙሮቹ ከየት እንደተለቀሙ ነው። ዝነኛዎቹ የኮሶቮ ግጥሞች በአብዛኛው ከኮሶቮ አልመጡም፤ በስተሰሜን ከሳቫ ወንዝ ማዶ ከምትገኘው ከስሬም ነው የመጡት፤ በዚያን ጊዜ በሐብስቡርግ ግዛት ውስጥ ነበረች። በ1690 ፓትርያርክ አርሴኒየ ብዙ ቤተሰቦችን አስከትሎ ከኦቶማን በቀል ወደ ሰሜን ሲሰደድ የራቫኒትሳ መነኮሳት የላዛርን ዐፅም ተሸክመው ሄዱ። በኋላ በስሬም ፍሩሽካ ጎራ በሚባለው ኮረብታ ላይ በቭርድኒክ ገዳም አሳረፉት። በየዓመቱ በበዓሉ ቀን ስደተኛው ከየመንደሩ ይሰበሰባል፤ ዓይነ ስውራን ዘማሪዎች በደጃፉ ይቀመጣሉ። ስለ ጭልፊቱ የሚናገረውን መዝሙር ለካራጂች ያስጻፈችው ከዚያው አካባቢ ከግርጉሬቭትሲ መንደር የመጣች አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ናት። ኮሶቮን እንዲህ አሳምረው የሣሏት እንግዲህ አገራቸውን ትተው የወጡ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ እመለሳለሁ፤ ሽንፈት ለምን? በውጭ አገር የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች የሚያተኩሩት በሰማያዊው መንግሥት ላይ ነው፦ ሽንፈቱን ወደ ምርጫ ይለውጠዋል፣ «ተሸነፍን» የሚለውን «መረጥን» ያደርገዋል ይላሉ። ልክ ነው፤ ግማሹ እሱ ነው። በእኔ አስተያየት ግን በሰርቢያ ማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ ከላዛር ይልቅ የሚሠራው ቩክ ብራንኮቪች ነው። ሰማያዊው መንግሥት ለሐዘን መጽናኛ ይሆናል፤ ከሐዲው ግን በየዕለቱ ያገለግላል። አንድ ሕዝብ ለምን እንደወደቀ ሲጠይቅ «ጠላት በረታ» ከሚለው መልስ ይልቅ «ከመካከላችን አንዱ ሸጠን» የሚለው በጣም ይጣፍጣል፤ ምክንያቱም ባንሸጥ ኖሮ አንሸነፍም ነበር ማለት ነው።

ታሪኩ ደግሞ እዚህ ላይ ጨካኝ ነው። እውነተኛው ቩክ ከውጊያው ተርፏል፤ ይህ ሐቅ ነው። ላዛርን ስለ መክዳቱ ግን በዘመኑ የጻፈ ሰው የለም። ከሐዲ የሚለው ክስ በእሱ ስም በግልጽ ታትሞ የምናገኘው በ1601 የዱብሮቭኒኩ መነኩሴ ማቭሮ ኦርቢኒ በጻፈው የስላቮች ታሪክ ውስጥ ነው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ። የላዛር ቤተሰብ ለባየዚድ ሲገብር እምቢ ብሎ የቆየው ይኸው ቩክ ነው፤ በ1392 ኦቶማኖች ስኮፒየን ከወሰዱበት በኋላ ነው አንገቱን የደፋው፤ ያም ሆኖ በ1397 በኦቶማን እስር ሞተ። የሰማዕቱ ልጅ ስቴፋን ላዛሬቪችስ? በ1396 በኒኮፖሊስ የምዕራብ አውሮፓ መስቀለኞች ሊያሸንፉ ሲቃረቡ ደርሶ ውጊያውን ለባየዚድ ያዞረው የስቴፋን ፈረሰኛ ጦር ነው። በ1402 በአንካራ ባየዚድ ከመካከለኛው እስያ በመጣው ድል አድራጊ በቲሙር ሲከበብ ሌሎቹ ሲሸሹ ለጌታው ሲፋለም የቆየው ስቴፋን ነው። የአባቱን ገድል በእብነ በረድ ዓምድ ላይ አስቀርፆ በኮሶቮ ሜዳ አቆመ የሚባለውም እሱ ነው፤ ዓምዱ ጠፍቷል፤ ጽሑፉ በእጅ ግልባጭ ተርፏል።

ስቴፋንን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው። አገሩን ያቆየ፣ ቤልግሬድን ዋና ከተማ ያደረገ፣ ራሱም ገጣሚ የሆነ አስተዋይ ገዥ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑም በ1927 በቅዱሳን መዝገብ አስገብታዋለች። ነገር ግን አፈ ታሪኩ እሱን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። አፈ ታሪኩ የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ሰው ነው፦ የሞተና የሸጠ። ተደራድሮ የኖረ፣ ግብር ከፍሎ ሕዝቡን ያተረፈ ሰው በውስጡ ስም የለውም። በሰርብ ፖለቲካ ላይ ያደረሰው ትልቁ ጉዳት ለእኔ ይህ ነው።

ከመዝሙሮቹ ጋር የላዛር እርግማንም አለ፦ ሰርብ ሆኖ ለውጊያው ኮሶቮ ያልመጣ፣ በእጁ የነካው አይብቀልለት፤ ስንዴም ወይንም አይስጠው፤ ልጅም አይውለድ። እርግማኑ ማን ሰርብ እንደሆነ ድንበር ያሠምራል፤ ሰርብ ማለት ኮሶቮ የተገኘ ማለት ነው። ዛሬ እርግማኑ በጋዚሜስታን፣ ማለትም በውጊያው ሜዳ ላይ በቆመው ማማ ላይ ተቀርጾ ይነበባል። ማማው የተሠራው በ1953 ነው፤ ሃይማኖትንና ብሔርተኝነትን አልወድም ባለው ኮሚኒስታዊ መንግሥት ዘመን!

ገድሉና መዝሙሩ የዘመናዊ መንግሥት ሃይማኖት የሆኑት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሰርቢያ በ1878 ነፃ መንግሥት መሆኗ ታወቀላት፤ ኮሶቮ ግን አሁንም በኦቶማን እጅ ነበረች፤ ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ የሚነበበው መዝሙር የቤት ሥራ ሆነ ማለት ይቻላል። በ1889 አምስት መቶኛው ዓመት በላዛር ከተማ በክሩሼቫትስ በመንግሥት ደረጃ ተከበረ። ቪዶቭዳን ራሱ የቅዱስ ቪቱስ ቀን ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ የቀን መቁጠሪያ ላይ በታላቅ በዓልነት የገባው በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ እንጂ ከጥንት ጀምሮ አይደለም። ጁን 15 ዛሬ ጁን 28 የሆነው የሰርብ ቤተ ክርስቲያን በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ስለምትሄድ ነው፤ በእኛ ሰኔ 21 ላይ ይውላል። በ1912 በመጀመሪያው የባልካን ጦርነት የሰርቢያ ጦር ኮሶቮ ሲገባ ወታደሮች በሜዳው ላይ ተንበርክከው እንዳለቀሱ የዘመኑ ጽሑፎች ይመሰክራሉ። በዚያ የሚኖረው አልባንያዊ ግን የሚያስታውሰው በዚያው ዘመቻ የተቃጠሉ መንደሮችንና የተገደሉ ሰላማዊ ሰዎችን ነው።

አፈ ታሪኩ የሰርቦች ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ደቡብ ስላቮችን ሁሉ አንድ ያደርጋል ተብሎም ተሞክሯል። ክሮአቱ ቀራፂ ኢቫን ሜሽትሮቪች የቪዶቭዳን ቤተ መቅደስ ሊሠራ አቅዶ ለዚያ ያዘጋጃቸውን ሐውልቶች በ1911 በሮም ኤግዚቢሽን በሰርቢያ አዳራሽ አሳየ። ቤተ መቅደሱ ሳይሠራ ቀረ። (አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የቆመውን የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ከሠሩት ሁለት የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች አንዱ፣ አንቱን አውጉስቲንቺች፣ የሜሽትሮቪች ተማሪ ነበር፤ የዚያ የሐዘን ጥበብ ትምህርት ቤት ፍሬ ከእኛም ደርሷል ማለት ነው።)

ቀኑ ራሱ ከዚያ ወዲህ አስማት መሰለ። በ1914 ጋቭሪሎ ፕሪንቺፕ የኦስትሪያውን አልጋ ወራሽ በሳራዬቮ የገደለው በቪዶቭዳን ነው፤ የኦስትሪያው ልዑል በዚያ ቀን ሳራዬቮን መጎብኘቱ ለፕሪንቺፕና ለጓደኞቹ ስድብ ነበር። በ1921 የአዲሱ የደቡብ ስላቮች መንግሥት (በኋላ ዩጎዝላቪያ የተባለው) ሕገ መንግሥት ሆን ተብሎ በዚያ ቀን ጸደቀ። በ1948 ስታሊን ዩጎዝላቪያን ከኮሚኒስቶቹ ማኅበር ያስወጣበት ውሳኔ በዚያ ቀን ወጣ። በ2001 የሰርቢያ መሪ የነበረው ስሎቦዳን ሚሎሼቪች በሄግ ለነበረው የጦር ወንጀል ፍርድ ቤት ተላልፎ የተሰጠው በዚያ ቀን ነው። አንደኛውን የዓለም ጦርነት የቋጨው የቬርሳይ ውልም በዚያ ቀን ተፈርሟል እያሉ የሚጨምሩ አሉ፤ ያ ግን ከላዛር ጋር አንዳች የሚያገናኘው የለም፤ የሳራዬቮውን ቀን እንጂ ኮሶቮን ያሰበ አልነበረም። ሰው ቀን ሲፈልግ ቀን አያጣም።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ። በአፈ ታሪኩ ውስጥ የተቀመጠ አደገኛ ነገር አለ፤ መካድ አይቻልም። የሞንቴኔግሮው ጳጳስና ገዥ ንዬጎሽ በ1847 ባሳተመው «የተራራው አክሊል» በተባለ ድራማዊ ግጥሙ የኦቢሊችን ስም የጀግንነት መለኪያ አደረገው፤ የግጥሙ ጉዳይ ግን እስልምናን የተቀበሉ ወገኖችን ስለ ማጥፋት ነው። በዚህ አተያይ የቩክ ክህደት ሰፍቶ ሃይማኖቱን የለወጠን ሁሉ ይሸፍናል፤ የሰለመ ስላቭ ጎረቤት «ቱርክ» ይሆናል። ግጥሙ በቋንቋው ውበት ታላቅ ሥራ ነው፤ ዛሬም በትምህርት ቤት ይጠናል፤ ሁለቱንም አብሮ መናገር ያስፈልጋል። ጁላይ 1995 ስሬብሬኒትሳ የተባለችው የቦስኒያ ከተማ የገባው የቦስኒያ ሰርቦች ጄኔራል ራትኮ ምላዲች በካሜራ ፊት ቆሞ «ቱርኮችን የምንበቀልበት ጊዜ ደረሰ» ሲል የተናገረው ስለ ቦስኒያ ሙስሊሞች ነው፤ በቀጣዮቹ ቀናት ከሰባት ሺሕ በላይ ወንዶችና ልጆች ተገደሉ።

ስለ 1989ኙ ስብሰባም መናገር አለብኝ። ስድስት መቶኛው ዓመት ከመድረሱ በፊት የላዛር ዐፅም በሰርቦች መንደሮች እየዞረ ሕዝብ ተሳለመው። በጁን 28 ብዙ መቶ ሺሕ ሰው በጋዚሜስታን ተሰበሰበ፤ ስሎቦዳን ሚሎሼቪች በሄሊኮፕተር ደረሰ። ንግግሩን ያነበበ ሰው ይገረማል፤ አብዛኛው ስለ አንድነት፣ ስለ እኩልነትና ስለ ኢኮኖሚ የሚያወራ ደረቅ የፓርቲ ንግግር ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ከስድስት ክፍለ ዘመን በኋላ እንደገና በውጊያ ላይ ነን፤ ገና የትጥቅ ውጊያ አይደለም፣ ያም ግን አይቀርም ማለት አይቻልም የሚል ሐሳብ ጣል አደረገ። የሠራው ቃሉ ሳይሆን ትዕይንቱ ነበር፤ ዐፅሙ፣ ሜዳው፣ ቀኑና መሪው አንድ ላይ ታዩ። ከጥቂት ወራት በፊት የኮሶቮን ራስ ገዝነት የሻረው ይኸው ሰው ነው።

ቢሆንም አፈ ታሪኩ ጦርነቱን አመጣ የሚለውን አልቀበልም። ዩጎዝላቪያ የፈረሰችው በዕዳ፣ በፓርቲው መሰነጣጠቅ፣ በሪፐብሊኮች ሽኩቻና ሥልጣናቸውን ለማዳን በጎሳ ፍርሃት በተጫወቱ ባለሥልጣናት ነው። ያው መዝሙር ለአርባ ዓመት በትምህርት ቤት ሲነበብ ጎረቤት ጎረቤቱን አልገደለም። መዝሙሩ ያደረገው ለፖለቲከኞቹ የተዘጋጀ ቋንቋ ማቅረብ ነው፤ ማን ሰማዕት፣ ማን ቱርክ፣ ማን ቩክ እንደሆነ ሰው ሳያስብ እንዲያውቅ አደረገ። ሚሎሼቪችን ለሄግ ያስረከበው ጠቅላይ ሚኒስትር ዞራን ጂንጂች ከሐዲ ተብሎ ሲሰደብ ኖሮ በማርች 2003 ተገደለ። በቤልግሬድ የሚገኝ ኦቢሊች የተባለ የእግር ኳስ ክለብ ደግሞ በ1990ዎቹ አርካን በሚባለው የታጣቂዎች መሪ እጅ ገብቶ በ1998 የሊግ ዋንጫ በላ፤ የሰማዕት ስም በማን ላይ እንደሚውል ባለቤቱ አይመርጥም።

ሜዳው የሰርቦች ብቻ እንዳልሆነም ባልደረባዎ ላይነግርዎት ይችላል። ከማማው ጥቂት ራቅ ብሎ የሙራድ ሆድ ዕቃ የተቀበረበት መቃብር አለ፤ ሥጋው ቡርሳ ነው። ለቱርክ ጎብኚ ያ ቦታ የሰማዕት ሱልጣን ማረፊያ ነው። አልባንያውያንም በላዛር ሠራዊት ውስጥ የእነሱ መሳፍንት ነበሩ ይላሉ፤ ይህም የሚታመን ነው። ሱልጣኑን የገደለው ሚሎሽ በእነሱም መዝሙር አለ፤ የእነሱ ሰው ሆኖ፣ የተቆረጠ ጭንቅላቱን በብብቱ ይዞ እየሄደ። ያ ገዳይ በስም የሚታወቀው ከውጊያው ብዙ ዓመታት በኋላ በተጻፉ ጽሑፎች ስለሆነ ክርክሩን የሚቋጭ ሰነድ የለም።

ባልደረባዎን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ቪዶቭዳንን የሚያከብር ሰርብ ሁሉ የሚሎሼቪች ደጋፊ አይደለም። ቴኒሰኛው ኖቫክ ጆኮቪች በሜይ 2023 በፓሪስ ካሜራ ላይ «ኮሶቮ የሰርቢያ ልብ ናት» ብሎ ሲጽፍ ከሥሩ ዓመፁ ይቁም የሚል ጨምሮበታል። የግራቻኒትሳና የዴቻኒ ጥንታዊ ገዳማት፣ የፔች ፓትርያርክ መንበርም ሁሉም ያሉት ዛሬ ከ2008 ጀምሮ ነፃነቷን ባወጀችው ኮሶቮ ውስጥ ነው፤ በዩኔስኮ አደጋ የተጋረጠባቸው ቅርሶች መዝገብ ላይ ናቸው፤ በ2004ቱ ረብሻ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። ለአንድ አማኝ ይህ የ1389 ጉዳይ ሳይሆን የዛሬ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሲያናግሩት ስለ ላዛር ከመከራከር ይልቅ ስለ ቩክ ይጠይቁት፤ ዛሬ ከሐዲው ማን እንደሆነ ሲነግርዎት በየትኛው ፖለቲካ ወገን እንደቆመ ያውቁታል። በኖቬምበር 2024 በሰርቢያዋ ከተማ በኖቪ ሳድ የባቡር ጣቢያ ጣሪያ ተደርምሶ 16 ሰው ከገደለ በኋላ የተነሡት ተማሪዎች በ2025 ምርጫ ይጠራ ብለው በቤልግሬድ ታላቅ ሰልፍ ሲወጡ የመረጡት ቀን ጁን 28 ነበር፤ መንግሥት እነሱን ለባዕድ የተሸጡ ይላል፤ ከእነሱ መካከልም ኮሶቮን የሸጠው መንግሥት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።